ጉርሻ በትራንዚት ሆቴል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1960

ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል። ተቀምጬም ወለሉ የሚወዛወዝ ይመስለኛል። ከቦምቤይ ኤደን፣ ከኤደን አዲስ አበባ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ። ያውም መቀሌ በደረስኩ! ያለሁት ሰቆጣ ነው። ሁለተኛ አላያትም ያልኳት አገሬ ላይ አውሮፕላን አምጥቶ ወረወረኝ። ወይ ጉድ!

ሞተሩ ጭስ መትፋት ጀመረ። ካፒቴኑ «ቀበቶ እሰሩ፣ ሰቆጣ ሜዳ እናርፋለን» አለ። በክረምት ማንም የማያርፍበት ሜዳ! ጎማው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፣ እኛ ወደፊት ተወረወርን፣ ሻንጣው ከላይ ወረደብን። ከፊቴ የነበረችው ሴት ግንባሯ ተፈነከተ፣ ደሟ ቀሚሴ ላይ ደርቋል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀኝ እጃቸው በሁለት ወንበር መሀል ገባና ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ቀጭ እንደሚለው።

ቦምቤይ ሁለት ዓመት የተማርኩት ነርስነት መቀሌ ሆስፒታል ሳልደርስ ጭቃ ላይ ተጀመረ። አዮዲን፣ ፋሻ፣ ከቀሚሴ የተቀደደ ጨርቅ፣ የሰው ጃንጥላ ሰብሬ ያወጣሁት ዘንግ። የጃንጥላው ባለቤት ጮኸብኝ፣ እኔም ጮኽኩበት። ማንም አልሞተም። ለዚህ ተመስገን።

ማደሪያችን ከሜዳው ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ትራንዚት ሆቴል» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቷ እትዬ ዘውዴ ናቸው፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ድምፃቸው የወንድ። «ትራንዚት ማለት ምን ማለት ነው እትዬ?» ብላቸው «አድሮ ሂያጅ» አሉኝ። «ዝናቡ ከፈቀደልሽ ነው እንግዲህ።»

ቀጥለው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «የበሪሁን» አልኩ። ሳህኑን አስቀምጠው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ጎረቤታችን ነበሩ፣ እኔ ረስቻቸዋለሁ። አባቴ በተገደለ ቀን እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ፈንታ የሚባል ሰው ነው በጥይት የገደለው፤ በዚያው ጠፋ። እናቴ እኔን ይዛ ደሴ ወረደች። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ግን የአባቴን መሬት ይዞ ጋዝጊብላ ቀረ፣ ደሙን ሳይመልስ ጠጉሩን ላይላጭ ምሎ። «እስከ ዛሬ አልተላጨም» አሉኝ እትዬ ዘውዴ። «ሦስት ልጅ ወልዷል፣ ጠጉሩ ግን እንዳለ ነው።» ይህን ሁሉ ስናወራ ሽማግሌው ከስስ ግድግዳው ማዶ ተኝተው ነበር።

የእኚህ ሽማግሌ ነገር። አባ ተክሌ ይባላሉ። ከኤደን ጀምሮ ጎን ለጎን ነን። ኤደን ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከሙ አርጅተው አሁን ገዳም ገብተው ሊመነኩሱ ነው። አውሮፕላኑ ባናወጠን ቁጥር ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ ሳስመልስ ደግሞ የወረቀት ከረጢቱን ይይዙልኛል። ልጄ ይሉኛል። አባት አልጠገብኩምና ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ።

ጎንደሬ ነኝ ይላሉ። እጃቸውን ስጠግን ግን «እናቴን!» ብለው የጮኹት በአገውኛ ነበር። እናቴም ሲያማት በዚያው ቃል ነበር የምትጮኸው። «አገውኛ ከየት?» ስላቸው «ወደብ ላይ የዋግ ሰው ነበር፣ ከሱ ለመድኩ» አሉ። እሺ፣ ይሁን።

ማታ እራት መጣ፣ የፍልሰታ ነገር፣ ሽሮ ብቻ። ቀኝ እጃቸው ታስሯል። በግራ መብላት ነውር ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። «እኔ አጎርስዎታለሁ» ብል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አፋቸውን ገጠሙ። ሕመሙ ነው ብዬ «ኧረ ይክፈቱ አባባ፣ እንደ ሕፃን አይሁኑብኝ!» ብዬ በግድ አጎረስኳቸው። እያኘኩ እንባቸው ወረደ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8



ጠዋት አባ ተክሌን ቁርስ እያጎረስኩ ነበር። ለበሽተኛ ጾም የለም ብዬ፣ ነርስነቴን ተማምኜ። እትዬ ዘውዴ ሽሮ ሊጨምሩ ገቡ። ሽማግሌውን ያለ ጋቢ ሲያዩዋቸው ገና ዛሬ ነው። ድስቱን ለቀቁት። ትኩሱ ሽሮ እግሬ ላይ ፈሰሰ፣ ጮኽኩ፣ እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው ወደ ማድቤት ጎተቱኝ።

«ማንን ነው የምታጎርሺው አንቺ?»

«አባ ተክሌን ነዋ!»

«የምን ተክሌ! ፈንታ ነው! ያን የጆሮውን ጠባሳ አላውቀውም? የአባትሽን ገዳይ እኮ ነው የምታጎርሺው!»

እጄን በአመድ ፈተግሁት። ቆዳዬ እስኪላጥ ፈተግሁት። ከዚያ ማማሰያውን አንስቼ ተመለስኩ። በሩ ላይ ቆሜ «ፈንታ!» አልኩ። ዞር አለ። ስሙ ነዋ።

«አዎ» አለ።

ፊቱን መታሁት። ትከሻውን መታሁት። ማማሰያው ተሰበረ። ያንን ራሴ የጠገንኩትን እጁን ያዝኩና ጨመቅሁት። ነርስ ነኝ፣ የት ቦታ እንደሚያም አውቃለሁ። አጥንቱ ከጣቴ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። አልጮኸም፣ ዓይኑ ተገለበጠና ራሱን ሳተ። ደስ አለኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ፣ ደስ አለኝ! እትዬ ዘውዴ ወገቤን ይዘው ባይጎትቱኝ ኖሮ ገድዬው ነበር።

ከዚያ ወዲያው ውጭ ወጣሁ። አህያ የሚነዳ ነጋዴ ወደ ጋዝጊብላ ሲሄድ አገኘሁት። «ለደሳለኝ በሪሁን ንገርልኝ። እህትህ መጥታለች፣ የምትፈልገውም ሰው ሰቆጣ አድሯል በለው» አልኩት። ነጋዴው ፊቴን አየ፣ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ለዚህ አገር ሰው ምኑ ይጠየቃል።

ከሰዓት በኋላ ቁጣዬ በረደ። ሞርፊን አለኝ። ሁሉንም አንድ ላይ ብወጋው ማን ያውቃል? ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። መልሼ የመድኃኒት ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት፣ ለሕመሙ የሚበቃውን ብቻ ወጋሁት። እጁንም እንደገና አሰርኩ። ምን እንደነካኝ እኔም አላውቅ።

ሲነቃ ጠየቅሁት። «ትናንት ማታ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰምተህ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጎረስክ?»

«አፌን ገጥሜ ነበር። አንቺ ነሽ የከፈትሽው።»

ፋሻውን አጠበቅሁት። «ሰቆጣን በሰማይ አልፌ መሄዴ ነበር» አለ ቀጥሎ። «በምድር ላያት አልፈለግሁም። እግዜር ግን ጎትቶ አወረደኝ።» እግዜርን በሱ ምን አገባው! ግን ይህን አላልኩትም።

እትዬ ዘውዴ ማድቤት ውስጥ ነገሩን አስረዱኝ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ስለወጣሁ አላውቅም ነበር። በዚህ አገር ደመኛ ከደመኛው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ከሟቹ ቤት አንድ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ገዳዩን በእጁ ካጎረሰ ደሙ ደረቀ ማለት ነው፣ ከዚያ ቤት ማንም እጁን አያነሳበትም። «አንቺ ግን ሳታውቂ ነው ያጎረስሽው፣ ሳያውቁ ያደረጉት አይቆጠርም፣ አይዞሽ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። ካልተቆጠረ ግን ደሳለኝን የሚያግደው ነገር የለም።

ደሳለኝ ይመጣል። ይገድለዋል። ከዚያስ? ይሰቀላል። ሦስቱ ልጆቹ እኔ እንዳደግሁት ያድጋሉ። የፈንታ ወንድም ልጆች ደግሞ አበርገሌ አሉ አሉ፣ ወንዶች ናቸው፣ ወርደው የደሳለኝን ትልቁን ልጅ ይጠብቁታል። እኔ ደግሞ ሂድ ግደል ብዬ ላኩበት! ነጋዴውን ልመልስ እስከ ወንዙ በዝናብ ሮጥሁ። ወንዙ ሞልቷል፣ ነጋዴው ተሻግሯል። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። አልሰማም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ደሳለኝ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ እየዘነበ። ጠጉሩ ትከሻውን አልፏል፣ ነጭም ገብቶበታል። ምንሽር ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልሎ ይዟል። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ አላውቅም፣ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። «አያ ደሳለኝ!» ብዬ ተንጠለጠልሁበት። አቀፈኝ። አባቴን ይሸታል፣ ወይም አባቴ እንዲያ የሚሸት ይመስለኛል። ከልጅነቴ ያላለቀስኩትን ለቅሶ እዚያው አለቀስኩ።

«የታለ?» አለኝ።

«አያ፣ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጥ፣ እግርህን ልጠብህ...»

«አንቺ አይደለሽ የላክሽብኝ? የታለ?»

ምን ልበለው? ካፒቴኑ ምንም ሳያውቅ «ወንድሜ፣ መሣሪያ ይዘህ እዚህ አትገባም» ብሎ ፊቱ ቆመ። ደሳለኝ በሰደፍ አፉን አለው። ሁለት ጥርስ መሬት ላይ ወደቀ። ካፒቴኑ ተንበርክኮ ደም ሲተፋ ደሳለኝ አልፎት ሄደ። ክንዱን ያዝኩት፣ ወረወረኝ። ተነስቼ እጁን ነከስኩት፣ አጥንቱ ጥርሴን እስኪነካኝ ነከስኩት፣ አልለቅም አልኩ። መሣሪያው ባረቀ። ጥይቱ ፈንታ የተኛበትን ክፍል በር በስቶ ገባ። ከውስጥ ጩኸት ተሰማ።

እትዬ ዘውዴ ከማድቤት እንደ ነብር ወጡ። ነጠላቸውን አውልቀው የክፍሉ ደጃፍ ላይ ዘረጉት። «በል ይህን ረግጠህ ግባ! እናትህ ስታምጥ የያዝኳት እኔ ነኝ፣ አንተን የተቀበልኩበት ነጠላ ነው፣ ርገጥና ግባ!» ደሳለኝ ቆመ። እውነት ያው ነጠላ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እሳቸው ሲዋሹም አያፍሩም። እሱ ግን አልረገጠውም።

«አንተ ጅል» አሉት ቀጥለው፣ «እህትህ አጎርሳዋለች።»

ፊቱ ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ? በእጅሽ?» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሳታውቂ ነው አይደል? በይ ሳላውቅ ነው በይኝ።»

ወንድሜ እንዲያ ሲለምነኝ ሳላውቅ ነው አላልኩትም።

«ነገ መምሬ ፊት መስቀል ይዘሽ ትምያለሽ» አለ። «ሳላውቅ ነው ብለሽ ትምያለሽ፣ ከዚያ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።» ደጅ ዝናቡ ላይ ተቀምጧል፣ ምንሽሩ ጭኑ ላይ። ፖሊሶቹ የከብት ዝርፊያ ሊያጣሩ ሰሃላ ወርደዋል አሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ እግዜር ይወቅ።

ጥይቱ የፈንታን ባት ገምሶታል። ሰፋሁት። የካፒቴኑን ድድ ሰፋሁት። የደሳለኝን እጅ ላጥብ ብል «ራቂ» አለኝ። በመጨረሻ የራሴን የተቃጠለ እግር አሰርኩ። የዛሬ ድሌ ይኸው ነው፣ ሁሉም እስካሁን ይተነፍሳል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ዝናቡ አላባራም። መምሬና የአገር ሽማግሌዎች መጡ፣ ቤቱ ስለማይበቃ የአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ተቀመጡ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፣ ነጭ የጠመጠሙ አዛውንት ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ሲዳኙ። ፈንታን በቃሬዛ አመጡት። ደሳለኝ ፊት ለፊቱ ቆመ። ካፒቴኑ በፋሻ አፉን ይዞ ከሩቅ ያያል።

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። ሳላውቅ ነው ብዬ ብምል እውነት ነው፣ ግን ደሳለኝ እዚያው ይተኩሳል፣ ወንድሜን በገመድ ላይ አየዋለሁ። አውቄ ነው ብዬ ብምል በመስቀል በሐሰት መማል ነው፣ እሱን ደግሞ እፈራለሁ። ነርስ ሆኜም ቦምቤይ ደርሼም እፈራለሁ።

መምሬ መስቀሉን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ይህን ሰው ስታጎርሺው ማን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«መምሬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩ። «እትዬ ዘውዴ፣ እንጀራ አምጡልኝ።»

«ጾሙ መቼ ተፈታና!» አሉ መምሬ።

«ለእኔ አይደለም። ለበሽተኛ ነው።»

እትዬ ዘውዴ ገባቸው። ሲሮጡ ያየኋቸው ዛሬ ብቻ ነው። እንጀራውን ቆረስኩ፣ ሽሮ አጠቀስኩ፣ ፈንታ ፊት ተንበረከክሁ። ጭቃው ጉልበቴን ዋጠው። ፈንታም ገባው፣ አፉን ገጥሞ ራሱን ነቀነቀ። «አይገባኝም፣ ተይኝ፣ ይግደለኝ» አለ።

«ክፈት!» አልኩት።

አልከፈተም። በግራ እጄ አገጩን ያዝኩ፣ ጉንጩን በጣቴ ጨምቄ ከፈትኩት፣ ጉርሻውን ከነጣቴ ከተትኩት። በጥፊ እንደ መምታት ነው ያጎረስኩት። ጥርሱ ጣቴን ቧጨረው። «ዋጥ!» ብዬ ጮኽኩ። እያለቀሰ ዋጠ። እኔም እያለቀስኩ ነበር፣ ግን ስለ እሱ አይደለም።

ተነሳሁና መስቀሉን ያዝኩ። «ፈንታ መሆኑን አውቃለሁ። የአባቴ የበሪሁን ገዳይ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ አጎረስኩት። ይኸው ሁላችሁም አያችሁ፣ አሁን ያስምሉኝ መምሬ።»

መምሬ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት አዩ። «ደሙ ደርቋል» አሉ መምሬ።

ደሳለኝ መጣና በጥፊ መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ወደቅሁ። ምንሽሩን አነሳ። ወደ ፈንታ ይሁን ወደ እኔ አላየሁም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጥይቱን በሙሉ ጭቃው ውስጥ ተኮሰው፣ አንድ በአንድ፣ ከእግሬ አጠገብ፣ ጭቃው ፊቴ ላይ እስኪረጭ።

«እህት የለኝም» አለ። «የነበረችኝ ዛሬ ሞታለች።»

ሄደ። ተከትዬው ሮጥሁ፣ «ለልጆችህ ብዬ ነው አያ! ለልጆችህ!» እያልሁ። ዞር አላለም።

ፈንታን ይቅር አላልኩትም። ይህን በደንብ ልጻፈው። ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም። ማታ ግን በግድ አጎረስኩት። በግራው አይበላማ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ፀሐይ ወጣች! የአውሮፕላኑ መካኒክ የሞተሩን ቱቦ ጠገነ። የሰቆጣ ገበሬ በሬውን ጠምዶ አውሮፕላኑን ከጭቃው ጎትቶ አወጣው፣ ሜዳው በእልልታ ሞላ። ካፒቴኑ ያለ ጥርስ ሳቀ። እትዬ ዘውዴ ማር በቅል ሰጡኝ። ስለ ደሳለኝ ጠየቅኋቸው። «ትናንት ማታ ከተማ ነው ያደረው» አሉ።

ፈንታ አብሮን ይሄዳል፣ እግሩ ካመረቀዘ መቀሌ የማክመው እኔው ነኝ። እርስዎ ልበለው አንተ ቸግሮኛል። «ውሃ» ብዬ ብቻ አቀብለዋለሁ። ልጄ ማለቱን ትቷል።

አውሮፕላኑ መሮጥ ሲጀምር በመስኮት አየሁት። ከሜዳው ዳር፣ ከሰዉ ተለይቶ፣ ብቻውን ቆሟል። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ጠጉር የለውም። ተላጭቷል፣ ራሱ በፀሐይ ያበራል። ወዲያው አንድ ጠብታ ዘይት መስታወቱ ላይ ተረጨ፣ በእጄ ጠረግሁት፣ ከውጭ ነው ለካ፣ አልጠረግ አለኝ።

እዚህ አገር ሰው መሐላው ሲያበቃ ይላጫል። ሰው ሲሞትበትም ይላጫል። የአባቴን ደም ተወው ወይስ እኔን ቀበረኝ? እጁን አላነሳም። እኔ አነሳሁ፣ ያየኝ አይመስለኝም።

ግን መጥቷል። ሊያየኝ መጥቷል፣ አይደለም እንዴ?